ፋናዬና የዓሣ አጥማጆቹ ዓመት

ኦስሎ፣ ሮመን ሰፈር ስለ አሜሪካ ቤዝቦል መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ያለም አይመስለኝም፣ ሄዶ ፋናዬን ይጠይቅ። ፋናዬ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ሲከየም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አጥባ፣ አልብሳ፣ አብልታ የምትውል ሴት ናት። በዕድሜዋ ኳስ ነክታ አታውቅም። ነገር ግን «የካርቨር ሌክ ዓሣ አጥማጆች» የሚባለው ቡድን ዘንድሮ የት እንደወጣና የት እንደወደቀ ብትጠይቋት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለውን ሳታዛንፍ ትነግራችኋለች፤ ባትጠይቋትም ትነግራችኋለች።

ስማቸው ነው እንጂ ዓሣ አያጠምዱም። አሜሪካ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በደመወዝ ቤዝቦል የሚጫወቱ ወጣቶች ናቸው። ትልልቆቹ ቡድኖች ያልወሰዷቸው፣ ወይም ወስደው የመለሷቸው፣ እነሱ ግን «ገና ይጠሩናል» እያሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚንከራተቱ ናቸው። ከነሱ መካከል ኳስ ወርዋሪው ነብዩ የፋናዬ ልጅ ነው። ሌላ ልጅ የላትም።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። የፋናዬ አንድ ዓይን ግን ራሱ ተነሥቶ አፈር ላይ ካልተጫወትኩ አለ። አባቱ ሲያርፍ ገና ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት የሚውል ሕፃን ነበር። ኖርዌይ ልጆቿን በበረዶ መንሸራተቻ ነው የምታሳድገው፤ የቤዝቦል ሜዳ ያላቸው ሰፈሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከነዚያ አንዱ ደግሞ የፋናዬ ቤት አጠገብ ሆነ። እሷ ከሥራ እስክትመለስ ልጁ እዚያ ይውላል፣ ከክፉ ጓደኛ ይጠበቃል፣ ደክሞት መጥቶ በልቶ ይተኛል። ሜዳው ልጄን እያሳደገልኝ ነው ብላ ስታመሰግን፣ ሜዳው ልጇን ወሰደባት። የአሜሪካ ኮሌጅ በስፖርቱ ተቀበለው። ኮሌጁ ሲያልቅ ዓሣ አጥማጆቹ ወሰዱት። መጀመሪያ ለገና ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ በዓመት አንዴ መምጣቱም ቀረ። በጋውን ጨዋታ ነው፣ ክረምቱን ልምምድ ነው። ከጨበጠችው ሦስት ዓመት ሆናት።

ሰው ሲናፍቅ ሆዱ ባር ባር ይለዋል ይባላል። የፋናዬ ናፍቆት ግን እጇ ላይ ነው ያለው። ሱቅ ገብታ ሳታስበው እሱ የሚወደውን እርጎ ታነሣለች፤ የክፍያው ሰልፍ ላይ ስትደርስ ነው ትዝ የሚላት። መልሳ ለማስቀመጥ ስለምታፍር ገዝታው ትሄዳለች። እርጎ እንደማትወድ የሚያውቅ ሰው ማቀዝቀዣዋን ቢከፍት ይገረማል።

ባለፈው ኅዳር ነብዩ ደውሎ እንዲህ አላት። «እማዬ፣ የሚመጣው የጨዋታ ሴሶንግ የመጨረሻዬ ነው። ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ከትልልቆቹ አንዱ ካየኝ አየኝ፤ ካላየኝ ጓንቴን ሰቅዬ ኦስሎ እመጣለሁ።»

«እግዚአብሔር የፈቀደው ይሁን ልጄ» አለችው።

አፏ ነው ያለው። ልቧ የፈቀደውን ልቧ ያውቃል። ወሩ ዞሮ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲነግሥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳ ጥግ ቆመችና፣ «ገብርኤል፣ ልጄን ወደ ቤቱ መልስልኝ። ከመለስክልኝ ለታቦትህ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች።

ስለት እንደ ዋዛ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እናቶቻችን ሲሳሉ «በጤና»፣ «በሰላም»፣ «ሳይጎድልበት» የሚሉትን የሚጨምሩት ንግግር ለማሳመር አይደለም። ፋናዬ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ሌሎች ሲሳሉ እንኳ የምታርማቸው እሷ ናት። የዚያን ዕለት ግን ናፍቆቷ ቀደማትና «መልስልኝ» ብላ አበቃች። «በጤና» ማለቱን ረሳችው።

ግንቦት ሲገባ ጨዋታው ተጀመረ፤ ዓሣ አጥማጆቹም መሸነፍ ጀመሩ። እዚያ የሚጫወቱት እሷ ስትተኛ ስለሆነ፣ ፋናዬ ውጤቱን የምታየው ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በከተማው ባቡር ላይ፣ ከጨዋታው ተቆርጦ በሚለጠፍ አጭር ቪዲዮ ነው። ዛሬም ተሸነፉ፣ ነገም ተሸነፉ። ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላት ደግሞ ታፍራለች። አፍራም አላረፈችም፤ የልጁን ክፍል ቀለም አስቀባች፣ አዲስ አንሶላ ገዛች። ነብዩ ሲደውል «አይዞህ፣ ያልፋል» ትለዋለች፤ ድምጿ የለቅሶ ቤት፣ ፊቷ የሠርግ ቤት ነው። ደግነቱ የሚደዋወሉት በድምፅ ብቻ ነበር።

ጨዋታውን ያስተማሯት መጦሪያው ውስጥ ያሉት አዛውንት፣ ኦድቫር ናቸው። ኦድቫር በወጣትነታቸው በመርከብ ወጥተው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ስታጥባቸው ስልኳን መስተዋቱ ሥር ታቆመዋለች፤ እሳቸው ጢማቸው ላይ ሳሙና እንዳለ ይፈርዳሉ። «ይሄ ልጅሽ ኳሱን ከእጁ ላይ ቶሎ አይለቅም፤ ጎበዝ ነው» ይላሉ። ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ ስቶ የሚወጣውን መቺ እንኳ አታውቅም ነበር፤ የሚሮጡትን ሁሉ ዳኛ የሚያሳድዳቸው ይመስላት ነበር። አሁን ግን ወርዋሪው ትከሻውን ሲሰብቅ የሚመጣውን ኳስ ታውቃለች።

«ለምን ከአሜሪካ ተመለሱ?» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ሸሚዛቸውን እየቆለፈች።

«እናቴ ና አለችኝ። መጣሁ። እሺ የምል ልጅ ነበርኩ» አሉና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እንድትደግምላቸው ጠየቋት።

ሰኔ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ዓሣ አጥማጆቹ ማሸነፍ ጀመሩ፤ ሲያሸንፉ ደግሞ የነብዩ ስም ሳይጠራ አይውልም። መቺዎቹ ዱላቸውን እንደያዙ ፈዘው ይቀራሉ። ከአንድ ትልቅ ቡድን የተላኩ ሰዎች መጥተው ተቀምጠው አዩት ተባለ። ፋናዬ ባቡር ላይ ይህን ስትሰማ ኮራች። ወዲያው ደግሞ ያ የተቀባ ክፍል ታወሳት።

የሰኔው የገብርኤል ማኅበር ሆልምሊያ ሰፈር፣ አክሱማዊት ቤት ነበር። አክሱማዊት የፋናዬ የረጅም ዘመን ጓደኛ ናት፤ ነብዩን በልጅነቱ በጀርባዋ ያዘለች፣ ነገር ማሟሟቅ የምትወድ ሴት። ጸበል ጸዲቁ እንደተቀመሰ ብድግ አለችና፣ «እኅቶቼ፣ የነብዩ ቡድን ዋንጫውን ካነሣ፣ ማኅበራችን ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ ያገባል። ተስለናል በሉ» አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቤዝቦልን ከቅርጫት ኳስ የማይለዩት ሁሉ እልል አሉ።

«አንቺ፣ ምነው ቀዘቀዝሽ?» አለቻት አክሱማዊት፣ ሳህን ስትሰበስብ።

«ናይ፣ የለም፣ አልቀዘቀዝኩም። እልል ስል አልሰማሽም?»

እውነትም ከሁሉ ጮክ ብላ እልል ያለችው እሷ ነበረች። እንዲህ ሆኖ ቅዱስ ገብርኤል በዚያ ዓመት ከአንድ ማኅበር ሁለት ጉዳይ ቀረበለት፤ ባለ መጋረጃዎቹ ልጁ አሸንፎ እዚያው ይንገሥ ይሉታል፣ ባለ ጥላዋ ደግሞ ተሸንፎ ይምጣ ትለዋለች። መልአክ ስለሆነ ቻለው እንጂ ሰው ቢሆን ማኅበሩን ትቶ ይሄድ ነበር።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲሳሳም፣ ስልኳ ጠራ።

«እማዬ፣ አትደንግጪ» አለ ነብዩ።

ለእናት ወሬ የሚጀመረው እንዲህ አይደለም። ፋናዬ ከሰው ገለል አለች።

«ትናንት ስወረውር ክርኔ ላይ የሆነ ነገር ጧ አለ። ሐኪሙ ጅማት ነው አለ። ኢከ ፋርሊግ፣ ምንም አይደለም። አልተበጠሰም፣ ተለጥጦ ነው።»

«ካልዳነስ?»

«ካልዳነማ አለቀ። እመጣለኋ።»

«እመጣለሁ» የምትለዋን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ጓጉታለች። አሁን ሰማቻት፤ ሰምታም አልፈለገቻትም። ዕለቱ ገብርኤል፣ የተሳለችውም ለገብርኤል፣ የረሳቻት ቃል «በጤና»። ልጄን መልስልኝ ያለችው መልአክ፣ ክንዱን ይዞ እየጎተተ ሊያመጣላት ነው ብላ አሰበች። አክሱማዊት ስትጠራት አልሰማቻትም።

የንስሐ አባቷ አባ ዓምሃ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ያጸዳሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ነፍስ። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባ፣ ስለቴን ያንሡልኝ።»

«ምን ተሳልሽ?»

ነገረቻቸው። ጥላውንም፣ ቀለም የተቀባውን ክፍልም፣ ሲሸነፉ ደስ ይላት እንደነበርም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አባ ዓምሃ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«በጤና አላልሽም?»

«ረሳሁት አባ።»

«ገብርኤል የሰው እጅ የሚጠመዝዝ መልአክ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

«እንግዲያው ክርኑን የጎዳው ኳሱ ነው። ስለትሽን ግን አላነሣልሽም፤ ተስለሻል፣ ተስለሻል። አንድ ነገር ላዝዝሽ። እስካሁን ምን እንደሚያደርግለት ለመልአኩ ስትነግሪው ከርመሻል። አሁን ይብቃሽ። ፍልሰታ ሲገባ የልጁን የክርስትና ስም ጥሪ። ከስሙ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

ቀላል ይመስላል። እስቲ ሞክሩት። የፍልሰታን ጾም ሙሉ ፋናዬ ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ሥር ቆማ «ኃይለ ገብርኤል» ትልና ከንፈሯን ትነክሳለች። «አምጣልኝ» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጥቶ ይቆማል። «ክንዱን ፈውስለት» የሚለውም ይመጣል፤ እሱን እንኳ እንዳትል ታዝዛለች። ስም ብቻ ሲቀር፣ ስሙ የተሸከመው ሁሉ ይመጣል፦ የልጅነት ሽታው፣ ደክሞት ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛው አስተኛኘቱ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዞር ብሎ ያያት አስተያየት። እንዲህ አድርጋ ናፍቃው አታውቅም። ከዚህ በፊት ናፍቆቷ ጥያቄ ነበረው፤ አሁን ጥያቄውን ሲወስዱባት ናፍቆቱ ብቻውን ቀረ። አንዳንድ ቀን ስሙን ጠርታ ለብዙ ጊዜ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ዓይኗን ታጥባ ወደ ሥራ ትሄዳለች።

ዓሣ አጥማጆቹ ነሐሴን ያለ ወርዋሪያቸው እየወደቁ እየተነሡ ገፉት። በነሐሴ መጨረሻ የነብዩ ክንድ ዳነና ተመለሰ፤ ቡድኑም በመጨረሻው ሳምንት በጭንቅ ዋንጫው ደጃፍ ላይ ደረሰ። «ደርሰናል እማዬ» አላት በዘመን መለወጫ ዕለት ደውሎ፣ እንቁጣጣሹን እንኳ ሳይል። «አንድ ጨዋታ ነው የቀረን። ሰዎቹ እንደገና መጥተው ያዩኛል ተብሏል።» ድምፁ ውስጥ በልጅነቱ ከሜዳው ሲመለስ የነበረው ነገር ነበር። ፋናዬ «በርታ» አለችው። ስልኩን ስትዘጋ፣ ድምጿና ፊቷ አንድ ሆነው እንደነበር ራሷ ገረማት።

የመጨረሻው ጨዋታ በእነሱ እሑድ ቀትር፣ በኦስሎ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። አክሱማዊት ከሆልምሊያ ድረስ መጥታ ሶፋው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዓሣ አጥማጆቹ በአንድ ነጥብ እየመሩ ነብዩ ገባ። ፋናዬ ተነሥታ ቆመች። የመጀመሪያው መቺ ሦስቴ ስቶ ወጣ። ሁለተኛው መትቶ ኳሷ በቀጥታ ተያዘችበት። አንዱ ግን አመለጠና ሜዳው ላይ ቆመ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ፣ ጢማም መቺ መጣ። ይህን ካወጣው ዋንጫው የነሱ ነው።

«እንዲህ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?» አለቻት አክሱማዊት።

«ዝም በይ።»

ነብዩ ትከሻውን ሰበቀ። ፋናዬ የሚመጣውን ኳስ አወቀችው፤ «ይሄንን አይደለም ልጄ፣ ይሄንን አይደለም» አለች፣ የሚሰማት ይመስል። ጢማሙ መታ። ድምፁ ከማጉያው ሲወጣ ደረቅ እንጨት እንደመፍለጥ ነበር። ኳሷ ከፍ፣ ከፍ አለችና አጥሩን ተሻግራ ሄደች፤ ሁለት ነጥብ ሆነ፣ ጨዋታውም አለቀ። ሌላው ቡድን እየጨፈረ ሜዳውን ሞላው።

አክሱማዊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ካሜራው ደስ ያላቸውን ሲያሳይ ቆይቶ ወደ ነብዩ ዞረ። ከቆመባት አፈር አልተንቀሳቀሰም። ጓንቱን ፊቱ ላይ ከድኖ ቀረ። ፋናዬ ከታኅሣሥ ጀምራ የለመነችው ይህንኑ ነበር፤ ይኸው ሳይሸራረፍ፣ ክንዱም በጤና፣ ተሰጣት። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ መዳፏን መስተዋቱ ላይ፣ ከጓንቱ በላይ ያለው ፀጉሩ ላይ አኖረች። ስክሪኑ ይሞቃል፤ ሌላ ምንም የለውም።

ማክሰኞ፣ ከሥራ ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ነብዩ ደወለ።

«እማዬ፣ አለቀ። ትልልቆቹም አልፈለጉኝም፣ የኛዎቹም ሌላ ወርዋሪ ሊያመጡ ነው። አሰናበቱኝ።»

«ይሁና። ክንድህስ?»

«ክንዴ ደኅና ነው። ምንም አላለኝ። ሌላ ከተማ አንድ ትሬነር፣ አሠልጣኝ፣ አለ። ክረምቱን ባለህበት ሆነህ ተለማመድ፣ ፀደይ ላይ መጥተህ ሞክር፣ ቃል ግን አልገባልህም ይለኛል። ለዚያ ብዬ እዚህ መጋዘን ሳጥን ስሸከም ልክረም? ደክሞኛል እኮ። ቲኬት እያየሁ ነው። ሐሙስ አለ። ልምጣ?»

ፋናዬ የልጁ ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። ሐሙስ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። «ና» ለማለት አንዲት ትንፋሽ ትበቃታለች፤ ከዚያ በኋላ ጫማው እዚህ ደጃፍ ላይ ይወልቃል፣ ጠዋት ሲያስል ትሰማለች፣ እርጎውን ይበላል። ያን ቃል ግን አላወጣችውም።

«መወርወር አስጠላህ?» አለችው።

«ቲኬቱ ሊያልቅ ይችላል እማዬ» አላት።

«ነብዩ፣ አስጠላህ ወይ ነው የምልህ?»

«ናይ፣ አላስጠላኝም» አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «ትናንትም ብቻዬን ሄጄ ስወረውር ዋልኩ። ከአጥር ጋር።»

ፋናዬ በሩን ደገፍ አለች። እንባዋ ካፖርቷ ላይ ይወርዳል፤ ድምጿ ግን አልተበላሸም።

«እንግዲያው አትምጣ።»

«ምን?»

«ክረም እዚያው። ሳጥኑንም ተሸከም። ፀደይ ላይ ሄደህ ሞክር።»

ነብዩ ሕፃን ሳለ ይጠይቃት እንደነበረው አድርጎ፣ «እማዬ፣ አልናፈቅኩሽም?» አላት።

«ናፍቀኸኛል» አለችው። «ሌት ተቀን ነው የምትናፍቀኝ ልጄ። አትምጣ።»